የ9 ዓመት ልጅ ግፊት 124/78 ሲባል፦ የትኛውን መለኪያ ልመን?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «ልጄ 9 ዓመቱ ነው፤ ቁመቱ 133 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 36 ኪሎ። ትምህርት ቤት ምርመራ ተደርጎ ‹ግፊቱ 124/78 ነው› የሚል ወረቀት ይዞ መጣ። የለኩት ከእረፍት ሲገቡ በሰልፍ ነው አለኝ። ደንግጬ ማታ በእናቴ መለኪያ ስለካው 106/64 አለ። አባቱ የግፊት መድኃኒት ይወስዳል። ልጁ ምንም አይለውም፣ ኳስ ይጫወታል፤ ሲተኛ ግን ያንኮራፋል። ልጅ ግፊት ይይዘዋል እንዴ? የትኛውን ቁጥር ልመን? ኳሱንስ ላስቁመው?»

ከመጨረሻው ልጀምር፤ ኳሱን አያስቁሙት። ልጅ ግፊት ይይዘዋል ወይ ላሉት፣ አዎ ይይዘዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ምንም ምልክት ሳያሳይ ነው። ከሁለቱ ቁጥሮች ግን ለጊዜው አንዱንም አይመኑ። 124ቱ ልጅዎን በሽተኛ አያሰኘውም፣ 106ቱም ከጥርጣሬ አያወጣውም። ከ1 እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ የሕፃናት ሐኪም ዘንድ ወይም ጤና ተቋም ወስደው፣ ለክንዱ ልክ በሆነ ካፍ (ክንድ ላይ በሚታሰረው የመለኪያው ጨርቅ)፣ ተረጋግቶ ተቀምጦ እንደገና ይለካ። ከዚህ በታች የምዘረዝረው ያ ልኬት በትክክል መደረጉን እርስዎ ራስዎ ማየት እንዲችሉ ነው፤ ልጆች ላይ ስህተቱ በብዛት የሚገባው እዚያ ጋ ነውና።

ወደ ዝርዝሩ ሳልገባ አንድ ነገር ላስቀድም። ከፍ ያለ ቁጥር ከኃይለኛ ራስ ምታት፣ ከተደጋጋሚ ትውከት፣ ከዓይን ብዥታ፣ ከመደናገር ወይም ከመፍዘዝ፣ ከሰውነት መንቀጥቀጥ፣ ከትንፋሽ ማጠር ወይም ከደረት ሕመም ጋር ከመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ። ምልክት ባይኖርም የላይኛው ቁጥር በልጅዎ ዕድሜና ቁመት 145ን ካለፈ በዚያው ቀን መታየት አለበት። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ወዲያው እነግርዎታለሁ።

ለአዋቂ ሰው 124/78 ቢባል ብዙም አያስደነግጥም። ለ9 ዓመት ልጅ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የልጅ ግፊት ከዕድሜና ከቁመት ጋር አብሮ ያድጋል፤ ስለዚህ ለልጅ አንድ ወጥ ወሰን የለውም። የሚለካው ከእኩዮቹ ጋር ተነጻጽሮ ነው፦ በጾታ፣ በዕድሜና በቁመት ከሚመሳሰሉት 100 ጤነኛ ልጆች መካከል ስንቱ ከእርሱ በታች ናቸው ተብሎ ይታያል። 90ዎቹ ከበታቹ ከሆኑ 90ኛው ፐርሰንታይል ላይ ነው እንላለን፣ 95ቱ ከሆኑ 95ኛው ላይ። በብዛት የምንሠራበት ሰንጠረዥ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2017 ያወጣው ነው። ከእርሱ በፊት ከነበረው ከ2004ቱ በአንድ ዋና ነገር ይለያል፦ አዲሱ ሲሠራ ከመጠን ያለፈ ክብደት ያላቸው ልጆች ልኬት ከስሌቱ ወጥቷል፤ በዚህም ወሰኖቹ ጥቂት ነጥብ ወርደዋል። አሮጌውን ሰንጠረዥ ግድግዳ ላይ ለጥፎ የሚሠራ ክፍል ዛሬም መያዝ የሚገባውን ልጅ ያሳልፋል።

ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ ከ90ኛው ፐርሰንታይል በታች ጤናማ ነው። ከ90ኛው እስከ 95ኛው ያለው «ከፍ ያለ» ይባላል፤ ገና በሽታ አይደለም፣ ግን ክትትል ይፈልጋል። ከ95ኛው ጀምሮ የደም ግፊት በሽታ ደረጃ 1 ነው። 95ኛው ላይ 12 ነጥብ ሲደመርና ከዚያ ሲያልፍ ደረጃ 2 ይሆናል። (ቁመቱ ረዘም ላለ ልጅ የሰንጠረዡ ቁጥር ከ120/80፣ ከ130/80 ወይም ከ140/90 ካለፈ፣ ከሁለቱ ዝቅተኛው ይወሰዳል።) ከ13 ዓመት ወዲያ ሰንጠረዡ ይቀርና እንደ አዋቂ 120/80፣ 130/80 እና 140/90 ወሰን ይሆናሉ።

ልጅዎ በቁመቱ መካከለኛ ነው። ለመካከለኛ ቁመት የ9 ዓመት ወንድ ልጅ 95ኛው ፐርሰንታይል 115/76 ሲሆን፣ 12 ሲጨመርበት 127/88 ይመጣል። 124/78 በሁለቱ መካከል ነው፤ በትክክል ተለክቶ በተለያየ ቀን ከተደጋገመ ደረጃ 1 ነው ማለት ነው። 145ም እዚሁ የመጣ ነው፤ 95ኛው ላይ 30 ተደምሮ።

ሙሉው ሰንጠረዥ ሰፊ ስለሆነ ለመጀመሪያ ማጣሪያ አጭር ቅጽ አለ። ለወንዶች ልጆች፦ በ6 ዓመት 105/66፣ በ7 106/68፣ በ8 107/69፣ በ9 107/70፣ በ10 108/72፣ በ11 110/74፣ በ12 113/75። ለሴቶች፦ በ6 105/67፣ በ7 106/68፣ በ8 107/69፣ በ9 108/71፣ በ10 109/72፣ በ11 111/74፣ በ12 114/75። ከ13 ጀምሮ ለሁለቱም 120/80። ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱ እንኳ ከዚህ ከደረሰ ወይም ካለፈ ልጁ በሙሉው ሰንጠረዥ መታየት አለበት ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ወሰኑ ሆን ተብሎ ለአጫጭር ልጆች ስለተሠራ ረዥም ልጅ ምንም ሳይሆን ሊያልፈው ይችላል። በዚህ ቅጽ ልጅን በሽተኛ ማለት ስህተት ነው።

አሁን ወደ ካፉ እንምጣ፤ ብዙውን ነገር የሚወስነው እርሱ ነውና።

ካፍ ስንል ክንድ ላይ የሚታሰረው ጨርቅ ነው፤ በውስጡ አየር የሚሞላው የላስቲክ ከረጢት አለ። ልክ መሆን ያለበት ከረጢቱ ነው፤ ጨርቁ ሰፊም ጠባብም ቢሆን ለውጥ የለውም። ሕጉ ሁለት ነው፦ የከረጢቱ ርዝመት የክንዱን ዙሪያ ከ80 እስከ 100 በመቶ ይሸፍን፣ ስፋቱ ደግሞ ቢያንስ የዙሪያው 40 በመቶ ይሁን። ዙሪያውን ለማወቅ የልጁ ክርን ይታጠፍና ከትከሻው ጫፍ ላይ ከሚዳሰሰው አጥንት እስከ ክርኑ ጫፍ በሜትር ይለካል፤ መሃሉ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት ይደረጋል። ከዚያ ክንዱ ዘና ብሎ ይንጠልጠልና ምልክቱ ላይ ሜትሩ ሳይጠብቅ ሳይላላ ይዞራል።

በልጅዎ ክብደትና ዕድሜ 22 ሴንቲ ሜትር ዙሪያ ቢገኝ አያስደንቅም። እንደዚያ ከሆነ የሚያስፈልገው ከረጢት ስፋት 9፣ ርዝመት ከ18 እስከ 22 ሴንቲ ሜትር ነው። «የልጅ» ተብሎ የሚሸጠው የተለመደው ካፍ ከረጢቱ 9 በ18 ስለሆነ ልክ 22 ላይ ያበቃል። ክንዱ 23 ሆኖ ቢገኝ «አነስተኛ የአዋቂ» ወደሚባለው፣ 10 በ24 ወደሆነው ይሻገራል፤ እርሱ እስከ 26 ይደርሳል። የተለመደው የአዋቂ ካፍ 13 በ30 ሲሆን እስከ 34 ላለ ክንድ ነው። እንግዲህ «የልጅ»፣ «የአዋቂ» የሚለው ጽሑፍ ስም ብቻ ነው። ወፍራም የ11 ዓመት ልጅ የአዋቂ ካፍ ሊያስፈልገው ይችላል፣ ቀጭን የ15 ዓመት ልጅም አነስተኛው ሊበቃው ይችላል። ዕድሜ አይቶ ካፍ የሚያነሳ ሰው ሲያዩ በትሕትና «ክንዱን ይለኩልኝ» ይበሉ።

ካፉ ሲጠብ ምን ይሆናል? ጠባብ ከረጢት ግፊቱን የሚያሳርፈው በትንሽ ቦታ ላይ ነው፤ ውስጥ ያለውን የደም ቧንቧ ለመዝጋት ከልጁ ትክክለኛ ግፊት የበለጠ አየር ይፈልጋል። መለኪያው ያንን ትርፍ የልጁ ግፊት አድርጎ ያነበዋል፤ ቁጥሩ በሐሰት ከፍ ይላል። ሲሰፋ ደግሞ ቧንቧው ገና በትንሽ አየር ስለሚዘጋ ቁጥሩ በሐሰት ይወርዳል። የጠባቡ ስህተት ከሰፊው ይበልጣል፤ ስለዚህ በሁለት መጠን መካከል ሲቸገሩ ሰፋ ያለው ይመረጣል።

የእናትዎ መለኪያ ጉዳይ እዚህ ጋ ይፈታል። ምናልባት የተለመደ የአዋቂ ካፍ ነው። 30 ሴንቲ ሜትር ከረጢት 22 ሴንቲ ሜትር ክንድ ላይ ሲዞር 8 ሴንቲ ሜትሩ በራሱ ላይ ይደረባል፤ 13 ሴንቲ ሜትር ስፋቱም በልጅ አጭር ክንድ ላይ ከብብት እስከ ክርን እጥፋት ሊደርስ ምንም አይቀረው። 106/64 የመጣው በዚህ ነው ለማለት አልችልም፤ ነገር ግን በዕድሜው ማጣሪያ ወሰን 107/70 መሆኑን ያስተውሉ፤ 106 ከእርሱ በአንድ ነጥብ ነው የሚያንሰው። በሰፊ ካፍ 106 ያለ ልጅ በልኩ ቢለካ ከወሰኑ በላይ ሊሆን ይችላል። «ቤት ስለካው ደህና ነው» ብሎ ወረቀቱን መጣል የሚያስፈራኝ ለዚህ ነው። የትምህርት ቤቱ 124ም በበኩሉ ሲሮጥ ቆይቶ፣ ቆሞ፣ ተራ እየጠበቀ ከሆነ የተለካው ወደ ላይ የተገፋ ነው። አንዱ ወደ ታች፣ አንዱ ወደ ላይ የመሳት ዕድል አላቸው። አማካያቸውን መውሰድም አይሆንም።

አለካኩ እንዲህ ነው። ልጁ ከመለካቱ በፊት ለግማሽ ሰዓት አይሮጥ፣ ቡናና ካፌይን ያለው መጠጥ አይቅመስ። ሽንቱን ይሽና፤ የሞላ ፊኛ ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ጀርባው ወንበሩን ተደግፎ፣ እግሮቹ ሳይቆላለፉ መሬት ነክተው ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ጸጥ ብሎ ይቀመጥ። የልጅ እግር ከአዋቂ ወንበር ላይ ይንጠለጠላል፤ ስለዚህ ከእግሩ ስር መረገጫ ይደረግለት። አይናገር፣ ስልክ አይይ፤ እርስዎም አያናግሩት። የሚለካው ቀኝ ክንዱ ነው፤ ምክንያቱን ወደኋላ እነግርዎታለሁ። ክንዱ ባዶ ይሁን፤ የተጠቀለለ እጅጌ ክንዱን ያንቃል፣ በልብስ ላይ መለካትም ያሳስታል። ክንዱ ጠረጴዛ ላይ አርፎ ካፉ ከልቡ እኩል መስመር ላይ ይሁን። ክንዱ ከልብ በ10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ቢል ቁጥሩ በ8 ነጥብ ገደማ ይጨምራል፤ በልጅ ላይ 8 ነጥብ ጤነኛውን ከበሽተኛው የሚለይ ልዩነት ነው። የካፉ የታችኛው ጠርዝ ከክርን እጥፋት ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል።

በጆሮ በማዳመጥ የሚለካው ባለሙያ መጀመሪያ የእጅ አንጓ ትርታ እየዳሰሰ አየር ይሞላል፤ ትርታው ከጠፋበት ከ20 እስከ 30 ነጥብ ጨምሮ ማዳመጫውን የክርን እጥፋት ላይ ያሳርፋል፣ ከዚያ በሴኮንድ ከ2 እስከ 3 ነጥብ እየወረደ እንዲሄድ አየሩን ቀስ ብሎ ይለቃል። የመጀመሪያው ምት የተሰማበት የላይኛው ቁጥር፣ ድምፁ ፈጽሞ የጠፋበት የታችኛው ነው። አንዳንድ ልጅ ላይ ድምፁ እስከ ዜሮ ድረስ አይጠፋም፤ ብዙ ጊዜ ማዳመጫው ስለተጫነ ነው፣ ላላ አድርጎ መድገም ይበቃል። አየሩን ቶሎ መልቀቅ የተለመደ ጥፋት ነው፤ በአንድ ምት መካከል 10 ነጥብ ከወረደ እውነተኛው ቁጥር በመሃል ያልፋል።

በባትሪ የሚሠራው መለኪያ ድምፅ አይሰማም። የደም ቧንቧውን ንዝረት ይይዝና ሁለቱን ቁጥሮች በስሌት ያወጣቸዋል፤ ስሌቱ እንደ አምራቹ ይለያያል፣ ልጆች ላይም በጆሮ ከሚለካው ከፍ የማለት ዝንባሌ አለው። ለማጣሪያ ጥሩ ነው። ከፍ ብሎ ከተገኘ ግን በጆሮ መረጋገጥ አለበት፤ የልጅ ምርመራ የሚወሰነው በእርሱ ነው። የመጀመሪያው ልኬት ከ90ኛው ፐርሰንታይል ከደረሰ በዚያው ቀን ሁለት ተጨማሪ ተወስዶ የሁለቱ አማካይ ይያዛል። የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረውን መለኪያ ለልጅ አይግዙ።

በትክክል ተለክቶ ከዚያስ? አማካዩ ከ90ኛው በታች ከሆነ በዓመት አንዴ መለካት ይበቃል፤ ይህ ከ3 ዓመት ጀምሮ ለማንኛውም ልጅ የሚመከር ነው። በ90ኛውና በ95ኛው መካከል ከሆነ አመጋገብና እንቅስቃሴ ላይ ይሠራና ከ6 ወር በኋላ ይደገማል። ደረጃ 1 ውስጥ ከገባና ምልክት ከሌለው ከ1 እስከ 2 ሳምንት ውስጥ ይደገማል፤ አሁንም እዚያው ከሆነ የክንዱና የእግሩ ግፊት ይነጻጸርና በ3 ወር ሌላ ቀጠሮ ይያዛል። በሦስት የተለያዩ ቀናት እዚያው ከተገኘ ነው የደም ግፊት በሽታ አለው የሚባለው። ደረጃ 2 ከሆነ ይህ ሁሉ ያጥርና በአንድ ሳምንት ውስጥ ልምድ ያለው ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ሐኪም ፊት ሲሆን ብቻ ግፊቱ የሚወጣ ልጅ ብዙ ነው። ለዚህ የ24 ሰዓት መለኪያ አለ፦ ልጁ ካፉን ታጥቆ ወደ ቤት ይሄዳል፣ ማሽኑ በየ20 ወይም በየ30 ደቂቃው ሲነቃም ሲተኛም ይለካል። ከ5 ዓመት ጀምሮ ይሠራል። ከሁሉም የሚጠቅመው የሌሊቱን ማሳየቱ ነው፤ ጤነኛ ልጅ ሲተኛ ግፊቱ ቢያንስ በ10 በመቶ ይወርዳል። ማሽኑ በአካባቢዎ ከሌለ በልኩ ካፍ ቤት ውስጥ ቢያንስ 3 ቀን፣ ቢቻል ከ6 እስከ 7 ቀን፣ ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ጊዜ ለክቶ ቀንና ሰዓቱን ጽፎ ለሐኪሙ መስጠት ይረዳል። መለኪያው በልጆች ላይ ተፈትኖ የተረጋገጠ ይሁን፤ ብዙዎቹ የተፈተኑት በአዋቂ ብቻ ነው። ቤት የተለካው ለሐኪሙ ተጨማሪ መረጃ ነው፤ ብቻውን ምርመራ አይሆንም። ልጁን በየሰዓቱ እያስቀመጡ አይለኩት፤ ፍርሃቱ ራሱ ቁጥሩን ያወጣዋል።

ምክንያቱን በተመለከተ፣ ድሮ የልጅ ግፊት ሁሉ ከሌላ በሽታ የመጣ ነው ይባል ነበር። ዛሬ ከ6 ዓመት በላይ ባሉት ልጆች በብዛት የሚገኘው ሌላ በሽታ የሌለበት፣ ከክብደትና ከቤተሰብ ጋር የተያያዘው ዓይነት ነው። ልጅዎ ይህን ይመስላል፦ አባቱ ግፊት አለበት፤ 36 ኪሎ በ133 ሴንቲ ሜትር የክብደትና ቁመት ምጥጥኑን (BMI የሚባለውን) 20.4 ያደርገዋል፤ ይህም ለ9 ዓመት ወንድ ልጅ ከመጠን ያለፈ ነው። እንዲህ ዓይነት ልጅ ላይ በታሪኩና በአካል ምርመራው ሌላ ነገር የሚጠቁም ከሌለ ሰፊ ምርመራ አያስፈልግም። የሽንት ምርመራ፣ በደም የኩላሊት ሥራና የጨዋማ ንጥረ ነገሮች መጠን፣ የደም ቅባት፣ እንደ ክብደቱ ደግሞ ስኳርና ጉበት ይታያሉ። የኩላሊት አልትራሳውንድ ከ6 ዓመት በታች ለሆኑ ወይም የሽንትና የኩላሊት ውጤታቸው ለተዛባ ነው።

ሐኪሙ ሌላ ምክንያት እንዲፈልግ የሚያደርጉት ፍንጮች ግን አሉ፤ አስበው ጽፈው ይሂዱ። ካለጊዜው ተወልዷል? በሕፃንነቱ ትኩሳት ያለው የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ተመላልሶበታል? ኩላሊት ላይ ጠባሳ ትቶ ከዓመታት በኋላ ግፊት ሊያመጣ ይችላል። ጉሮሮው ታሞ ከ1 እስከ 2 ሳምንት፣ ወይም ቆዳው ቆስሎ ከ3 እስከ 6 ሳምንት በኋላ ጠዋት ዓይኑ ዙሪያ አብጦ፣ ሽንቱ እንደ ሻይ ጠቁሮ ያውቃል? ይህ ስትሬፕቶኮከስ ከሚባለው ባክቴሪያ ኢንፌክሽን በኋላ የሚመጣ የኩላሊት መቆጣት ነው። የትምህርት ቤት ዕድሜ ልጆችን የሚይዝ ሲሆን ግፊቱን በጥቂት ቀን ውስጥ አንሮ እስከ መንቀጥቀጥ ያደርሳል፤ አሁን ካለ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ይሂዱ። በድንገት ልቡ እየመታ፣ እየገረጣና እያላበው ራሱን የሚያመው ከሆነ ይናገሩ። የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ ይጻፉ፦ ለአስም ወይም ለአለርጂ በአፍ የሚወሰድ ስቴሮይድ፣ የአፍንጫ መዘጋት መክፈቻ፣ እንደ አይቡፕሮፌን ያለ ማስታገሻ፣ ለትኩረት ማነስ የሚሰጡ አነቃቂ መድኃኒቶች ሁሉ ግፊት ሊያወጡ ይችላሉ።

ቀኝ ክንድ የተባለበት ምክንያት ይህ ነው። አንዳንድ ልጅ ሲወለድ ጀምሮ ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧ፣ አኦርታ፣ በአንድ ቦታ የጠበበ ይሆናል። ደሙ ከጥበቱ በፊት ወደሚነሱት ቧንቧዎች በኃይል ይገባል፣ ከጥበቱ በታች ይዳከማል። የቀኝ ክንድ ቧንቧ ሁልጊዜ ለማለት በሚቻል ሁኔታ ከጥበቱ በፊት ነው የሚነሳው፤ የግራው ግን ጥበቱ አጠገብ ወይም ከእርሱ ወዲያ ሊሆን ስለሚችል ግራውን የለካ ሰው ጤነኛ ቁጥር አግኝቶ ልጁን ይሸኛል። ሰንጠረዡም የተሠራው በቀኝ ክንድ ልኬት ነው። ጤነኛ ልጅ ላይ የእግር ግፊት ከክንዱ ከ10 እስከ 20 በመቶ ይበልጣል፤ አንሶ ከተገኘ ወይም የብሽሽት ትርታ ከደከመ የልብ አልትራሳውንድ ይታዘዛል። ሲሮጥ እግሩን የሚያመው፣ እግሩ የሚቀዘቅዘው ልጅ ካለ ይህን ያስቡ። ብሽሽትን ለመዳሰስ ግማሽ ደቂቃ ይበቃል፤ ካልተደረገ ይጠይቁ።

ማንኮራፋቱን ቀላል ነገር አያድርጉት። በእንቅልፍ ትንፋሹ ቆም እያለ፣ እያነቀው እየተነሳ፣ አፉን ከፍቶ እየተኛ፣ ቀን እየተነጫነጨ ወይም ክፍል ውስጥ እያንቀላፋ ከሆነ የአየር መንገዱ በእንቅልፍ ይዘጋል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ይህ ብቻውን ግፊት ሊያወጣ ይችላል። ሌሊት አጠገቡ ሆነው ለሁለት ደቂቃ በስልክ ይቅረጹት፤ ለሐኪሙ ከብዙ ገለጻ ይበልጥበታል። ቶንሲሉ ወይም ከአፍንጫ ጀርባ ያለው ዕጢ አብጦ ከሆነ መፍትሔ አለው።

እስከ ቀጠሮው ድረስ ምን ይደረግ? ጨው በአንዴ አያቋርጡ፤ ከፍ ካለው ቦታ ይቀንሱ። የሚበዛው ጨው ከድስቱ ይልቅ ከፋብሪካ በሚመጣው ውስጥ ነው፦ በከረጢት የታሸገ ቺፕስ፣ የዱቄት ሾርባ፣ ቶሎ የሚደርስ ፓስታ፣ የተቀነባበረ ሥጋ፣ ቅመም ኩብ። ማሸጊያው ላይ «ሶዲየም» ብቻ ከተጻፈ በ2.5 ያባዙት፣ ጨው ይሆናል፤ 600 ሚሊ ግራም ሶዲየም ማለት 1.5 ግራም ጨው ነው። በ100 ግራም ምግብ ውስጥ ከ1.5 ግራም በላይ ጨው ያለበት ጨዋማ ነው፣ 0.3 እና ከዚያ በታች ዝቅተኛ። ለአዋቂ እንኳ የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ ለልጅ ከዚያ ያነሰ። ጣፋጭ መጠጥን በውኃ ይተኩ፤ ከሁሉም ቀላሉና ቶሎ ለውጥ የሚያሳየው ይህ ነው። ኃይል ሰጪ የሚባሉት ካፌይን ያለባቸው መጠጦች ለልጅ በጭራሽ አይሆኑም። አትክልትና ፍራፍሬ በየማዕዱ፣ ጥራጥሬና ስቡ የቀነሰ ወተት ይጨመር። ምግቡን ለመላው ቤተሰብ ይቀይሩት፤ ከወንድም እህቶቹ ተለይቶ የሚበላ ልጅ ተቀጣሁ ብሎ ያስባል፣ ያ ደግሞ አይዘልቅም።

ክብደቱን ማስቀነስ ላያስፈልግ ይችላል። የሚያድግ ልጅ ነው፤ በዚህ ዕድሜ በዓመት ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ዓመቱን ሙሉ 36 ኪሎ ላይ ቢቆይና ቁመቱ 138.5 ቢደርስ ምጥጥኑ ከ20.4 ወደ 18.8 ይወርዳል፤ አንድ ኪሎ ሳይቀንስ ወደ ጤናማው ክልል ተጠጋ ማለት ነው። ለልጅ የአዋቂ አመጋገብ ገደብ መስጠት እድገቱን ይጎዳል። እንቅልፉ በ24 ሰዓት ከ9 እስከ 12 ሰዓት ይሁን።

ኳሱ ደግሞ ሕክምናው ነው። ላብ የሚያወጣ እንቅስቃሴ ቢያንስ በሳምንት ከ3 እስከ 5 ቀን፣ በየጊዜው ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ግፊትን ዝቅ ያደርጋል፤ በየቀኑ ቢሆን ይመረጣል። የሚከለከለው ግፊቱ ደረጃ 2 ላይ ያለ ልጅ ነው፤ እርሱም እስኪስተካከል ድረስ እንደ ክብደት ማንሳትና ትግል ካሉ ትንፋሽ ይዞ ከሚገፋባቸው ስፖርቶች ብቻ።

መድኃኒት የሚጀመረው ለ6 ወር ያህል ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልወረደ፣ ምልክት ካለው፣ ደረጃ 2 ሆኖ እንደ ክብደት ያለ ሊስተካከል የሚችል ግልጽ ምክንያት ከሌለው፣ የልቡ ግድግዳ ከወፈረ ወይም የኩላሊት ሕመም ወይም ስኳር ካለበት ነው። ከመጀመሩ በፊት የልብ አልትራሳውንድ ይታያል፤ ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ግፊት በልጅነትም የልብን ግድግዳ ያወፍራልና። ለልጅ የሚሰጠው በክብደቱ ተሰልቶ ከትንሽ መጠን ተጀምሮ ነው። የአባቱን ክኒን ቆርሶ መስጠት ፈጽሞ አይታሰብ፤ አንዳንዶቹ ውኃ ያነሰው ወይም የተቅማጥ በሽታ የያዘው ልጅ ላይ ኩላሊትን ይጎዳሉ። የአባቱን መድኃኒትም ልጆች በማይደርሱበት ይቆልፉበት።

ወደ ቀጠሮው ሲሄዱ የትምህርት ቤቱን ወረቀት፣ የእናትዎን መለኪያ ከነካፉ፣ የመድኃኒቶቹን ዝርዝርና የማንኮራፋቱን ቅጂ ይዘው ይሂዱ። መለኪያውን ሐኪሙ በራሱ ልኬት ጎን አድርጎ ሊፈትሸው ይችላል፤ የተገኘውን የክንድ ዙሪያና የካፍ መጠንም በልጁ ካርድ ላይ ያስጽፉ፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ሌላ ሰው በሌላ ካፍ ለክቶ ቁጥሩ ቢለዋወጥ ከየት እንደመጣ የሚታወቀው በዚያ ነው።